ዘንዶውን ሳይሆን ጥጉ ላይ ያለችውን ቁጥር አንብብ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ መጫወት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። አዲስ ስብስብ ሊወጣ ነው፤ የካርዶቹ ዝርዝርም ተለቋል። ሁሉም የራሱን ምርጥ አስር ያወጣል። አንዱ ያነሳውን ሌላው ይጥለዋል። የእኔ ዓይን ያረፈው አንድ ትልቅ ዘንዶ ላይ ነው። ሰባት ማና ያስከፍላል፤ ግን አንዴ ከወጣ ጨዋታው አለቀ። አራት ፍሬ አስቀድሜ ልዘዝ? ወይስ እርስዎ ካርድ አይተው ጠንካራ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አለ?»

ወንድሜ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርህ፣ ከዚያ እናወራለን። አትዘዝ። ቢያንስ አሁን አትዘዝ። ዘንዶው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ካርዱን ያነበብከው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የሚሠራውን አየህ፤ ልብህ ቀለጠ። ከዚያ ዋጋውን አየህና «ምን አለበት» አልክ። ካርድ ንባብ የሚጀመረው ከላይ፣ ከቀኝ ጥጉ ነው። እዚያ ያለችው ቁጥር ካርዱ በስንተኛው ተራ ሥራ እንደሚጀምር ትነግርሃለች።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ። ማጂክ እንደ ኮንከር አይደለም። ኮንከር ላይ ሁላችንም የምንስበው ከአንድ የተበወዘ ካርታ ነው፤ ጆከር የደረሰው ደረሰው። እዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ቢያንስ 60 ካርድ ሠርቶ ይመጣል፤ ደክ ይባላል። ከመሠረታዊ መሬቶች በቀር ከአንድ ዓይነት ካርድ ከአራት በላይ መያዝ አይቻልም። በየተራህ አንድ መሬት ታወርዳለህ፤ መሬቱ ማና ይሰጥሃል። ማና የጨዋታው ብር ነው በለው። ሦስተኛ ተራህ ላይ ሦስት ብር አለህ። በመሬት ብቻ ሰባት ብር የሚሞላልህ ቶሎ ቢባል በሰባተኛው ተራ ነው፤ ያውም አንድም ተራ ሳይዘለል መሬት ከደረሰህ። የምትጀምረው በ20 ሕይወት ነው። ፈጣን ደክ አራተኛው፣ አምስተኛው ተራ ላይ ይጨርስሃል። ያኔ ዘንዶህ እጅህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያጨበጭብልሃል።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። 2019 ላይ ካርድ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒ ጀርባ እሠራ ነበር። የዚያ ዓመት የመጸው ስብስብ «ስሮን ኦቭ ኤልድሬን» ይባላል፤ በይፋ የወጣው ኦክቶበር 4 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ቅዳሜና እሁድ ቅድመ ውድድር ነበረን። ከፓኬቴ ኦኮ የሚባል ካርድ ወጣልኝ። አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ ደግሞ ጋሩክ ወጣለት። ሁለቱም ፕላንስዎከር ናቸው፤ ማለትም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለው በየተራው አንድ ሥራ የሚሠሩልህ ካርዶች። ጋሩክ ስድስት ማና ነው። በየተራው ሁለት ተኩላ ይወልዳል፤ ካስፈለገ ፍጡር ገድሎ ካርድ ይሰጥሃል፤ መጨረሻ ላይ ሠራዊትህን ሁሉ ያሳብጠዋል። ኦኮስ? ሦስት ማና። ምግብ ይሠራል። አንድን ነገር ወደ አጋዘን ይለውጣል። አጋዘን! ሳቅኩ። ኦኮን ሰጥቼ ጋሩክን ወሰድኩ፤ ያውም ሁለት ካርድ ምራቂ ጨምሬለት።

አሁን ምን እንዳላየሁ ላሳይህ። ልጁ ቀድሞ ይጫወታል እንበል። አንደኛ ተራ፦ አንድ መሬት አወረደ፤ በአንድ ማና ጊልድድ ጉስ የምትባል ዝይ አወጣ። ዝይዋ ስትገባ ምግብ የሚባል ቶከን፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ምልክት፣ ይዛ ትገባለች። ሁለተኛ ተራ፦ ሁለተኛ መሬት። ዝይዋ ምግቧን በልታ አንድ ማና ሰጠች። ሁለት ሲደመር አንድ፣ ሦስት። ኦኮ ወረደ። የሚገባው በአራት ነጥብ ነው፤ ነጥቡ የፕላንስዎከር ሕይወት በለው፤ ወዲያው ሁለት ጨምሮ ስድስት ሆነ፤ አዲስ ምግብም ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንተ ሁለተኛ መሬትህን ገና ልታወርድ ነው። ያንን ስድስት ነጥብ በምን ታወርደዋለህ? ሦስተኛ ተራ፦ ምግቡን አጋዘን አደረገው፤ ጉልበቱ 3፣ ጽናቱ 3። የኦኮ ነጥብ ሰባት ደረሰ። ምግቡ ከባለፈው ተራ ጀምሮ እዚያው ስለነበረ አጋዘኑ ተራ ሳይጠብቅ በዚያው ያጠቃል።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። አራተኛው ተራ ላይ አንተ የምትመካበትን ፍጡር አወጣህ። ኦኮ ጠቆመው። ችሎታው ሁሉ ተሰረዘ፤ እሱም አጋዘን ሆነ። ያንተ ዘንዶ ያኔ ቢኖር የሚሆነው በሰባት ማና የተገዛ አጋዘን ነው። ኦኮ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ነጥቡ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ሌሎች ፕላንስዎከሮች ጠላት ሲያጠፉ ዋጋ ይከፍላሉ። ጋሩክም ፍጡር ሲገድል ሦስት ነጥብ ያወጣል። ኦኮ ግን የጠላትን ምርጥ ፍጡር እያበላሸ ይወፍራል። ካርዱ ላይ ሁለት የመደመር ምልክት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አይቼው አላየሁትም።

የሆነውን ታውቃለህ። ኖቬምበር ላይ ሪችመንድ በተደረገው ትልቅ ውድድር ከሦስት ደክ ሁለቱ ኦኮን የያዘ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ኖቬምበር 18 ቀን ስታንዳርድ ከሚባለው የውድድር ዓይነት ታገደ። ከወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ከሌሎቹ የውድድር ዓይነቶችም እንዲሁ፦ ዲሴምበር ላይ ከፓዮኒር፣ ጃንዋሪ 2020 ላይ ከሞደርን፣ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ከሌጋሲ ተባረረ። የካርዱ ሠሪዎች ራሳቸው በኋላ ሲያምኑ፣ ሲሞክሩት የጠላትን ፍጡር አጋዘን በማድረጉ በኩል ያለውን ጉልበት አሳንሰው እንደገመቱት ተናግረዋል። እንጀራቸው የሆነው ሰዎች ከሳቱት እኔ ብስት አይገርምም። ምራቂው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አዲስ ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ካርድ ምን ይሠራል?» አይደለም። «እየተሸነፍኩ ሳለ ብስበው ምን ያደርግልኛል?» ነው። እያሸነፍክ ሳለ ሁሉም ካርድ ጥሩ ነው። ጠረጴዛዬ ባዶ ሆኖ፣ ተጋጣሚዬ ሦስት ፍጡር ደርድሮ፣ ሕይወቴ ስምንት ሲደርስ ያንን ካርድ ብስበው እፎይ እላለሁ ወይስ እናደዳለሁ? ኦኮን ብትስበው እፎይ ትላለህ። ሰባት ማና የሚጠይቀውን ዘንዶ አምስት መሬት ይዘህ ብትስበው ያው ታውቀዋለህ።

ቀጥሎ ደግሞ፦ ተጋጣሚዬ ወዲያው ቢገድለው ምን ይቀርልኛል? ሰባት ማና ከፍለህ ዘንዶ አወረድክ። ተጋጣሚህ በሁለት ማና ካርድ ገደለው። አንድ ካርድ በአንድ ካርድ ተለዋወጣችሁ፤ የአንተ ተራ ግን ሙሉ በሙሉ ባከነ፤ እሱ ገና ብዙ ማና ተርፎታል። ከዚያው ከኤልድሬን ስብስብ ቦንክራሸር ጃያንት የሚባለውን ተመልከት። አንዱ ካርድ ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ በሁለት ማና ሁለት ጉዳት ታደርስበታለህ፤ ካርዱ ግን አይጠፋም። በኋላ በሦስት ማና ጉልበቱ 4፣ ጽናቱ 3 የሆነ ግዙፍ ሆኖ ይወርዳል። ቢገድሉትም ግማሽ ሥራውን ጨርሷል። ሥዕሉ ያን ያህል አያስደነግጥም። ውድድር ላይ ግን እሱን ያላስገባ ቀይ ደክ ማየት ብርቅ ነበር።

ዋጋን አንብብ ስልህ ግን የተጻፈውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ አንዳንዴ ይዋሻል። 2014 ላይ «ትሬዠር ክሩዝ» የሚባል ካርድ ወጣ። ጥጉ ላይ ስምንት ማና ይላል፤ ሦስት ካርድ ሳብ ነው ሥራው። ስምንት ማና ለሦስት ካርድ! ሌባ ነው። ግን ከሥር አንዲት ቃል አለች፦ ዴልቭ። መቃብርህ ውስጥ ያለውን፣ ማለትም ሥራውን ጨርሶ ወይም ሞቶ የተከመረውን ካርድ፣ ከጨዋታው እያወጣህ በእያንዳንዱ አንድ ማና ትቀንሳለህ ማለት ናት። መቃብራቸው ቶሎ የሚሞላ ደኮች በአንድ ወይም በሁለት ማና ይከፍሉታል። በአንድ ማና ሦስት ካርድ የሚስበው አንሴስትራል ሪኮል በጨዋታው ታሪክ ከታወቁት ዘጠኝ ኃያላን ካርዶች አንዱ ነው። ትሬዠር ክሩዝ ደግሞ ኮመን ነበር፤ ማንም ፓኬት ከፍቶ የሚያገኘው። ጃንዋሪ 2015 ላይ ከሞደርንም ከሌጋሲም ታገደ። ስለዚህ «ይቀንሳል»፣ «በነጻ»፣ «ከመክፈል ይልቅ» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ካርድ ሁለት ጊዜ አንብብ። ከኤልድሬን የታገደው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» እንዲሁ ነው። በጨዋታው የመጀመሪያ ካርድህ ከሆነ በነጻ ትጫወተዋለህ፤ ከላይ አምስት ካርድ አይተህ ፍጡር ወይም መሬት ትመርጣለህ። የማይረባ ይመስላል። ነገር ግን የሚፈልጉት አንድ ካርድ ያላቸው ደኮች ሁሉ ያንን ካርድ ቶሎ ማግኘት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ያዝ። 60 ካርድ ውስጥ አራት ፍሬ ካለህ፣ መጀመሪያ በምትይዛቸው ሰባት ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልህ 40 በመቶ ገደማ ነው። ከአስር ጨዋታ ስድስቱን ያለሱ ትጀምራለህ። «እሱ ከመጣ አሸንፋለሁ» የሚል ደክ ሠርተህ ከሆነ፣ ስድስቱን ጨዋታ በምን ልትጫወት ነው?

አሁን ወደምወደው ጉዳይ። ከኤልድሬን ስብስብ በስታንዳርድ በጊዜ ሂደት የታገዱት ስድስት ካርዶች ናቸው። ሁለቱ አንኮመን ናቸው፤ ያ ብርማ ቀለም ያለው ምልክት ያለበት፣ ሰው ጥሎት የሚሄደው ዓይነት። አንዷ ድመት ናት። ኮልድረን ፋሚልያር ትባላለች። አንድ ማና፣ ጉልበት 1፣ ጽናት 1። ስትገባ ከተጋጣሚህ አንድ ሕይወት ትወስዳለች፤ አንተ አንድ ታገኛለህ። ምግብ ብትሠዋ ከመቃብር ትመለሳለች። ለብቻዋ ስታያት የልጆች ካርድ ናት። አጠገቧ ዊችስ አቨን የሚባለውን ምድጃ አስቀምጥ፤ እሱም አንድ ማና ነው። ፍጡር ይጎርሳል፣ ምግብ ይተፋል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተጋጣሚህ በትልቅ ፍጡሩ ያጠቃል። ድመቷ ፊቱ ትቆማለች። ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ምድጃው ይጎርሳታል፤ ምግብ ይወጣል። ምግቡን ትሠዋለህ፤ ድመቷ ትመለሳለች፤ ተጋጣሚህ አንድ ሕይወት ያጣል። በሚቀጥለው ተራም እንደዚያው። ያ ሰውዬ የቱንም ያህል ግዙፍ ፍጡር ቢኖረው፣ ረግጦ የማለፍ ወይም የመብረር ችሎታ ከሌለው በየተራው አንዲት ድመት ታስቆመዋለች። ኦገስት 2020 ላይ ድመቷ ታገደች። አንዱ ምክንያት በኮምፒውተር ሲጫወቱት ያ ሁሉ ክሊክ ሰውን ማሰልቸቱ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ድመቷን ይዤ ስጫወት ጣቴ ደክሞኝ ያውቃል።

ካርድን ለብቻው አትፍረድበት የምለው ለዚህ ነው። ከአዲሱ ስብስብ ውስጥ ያለውን ጓደኛውን ፈልግለት። ከአሮጌውም ፈልግ። የ2024ቱን ናዱን አስታውስ። ሞደርን ሆራይዝንስ 3 በሚባል ስብስብ በጁን የወጣ የሦስት ማና ወፍ ነው። ፍጡሮችህን አንድ ነገር ዒላማ ባደረጋቸው ቁጥር ከደክህ አናት አንድ ካርድ ታያለህ፤ መሬት ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል፤ ካልሆነ እጅህ ይገባል። ለእያንዳንዱ ፍጡር በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ። «ተጋጣሚዬ እንዳይነካብኝ መከላከያ ነው» ብለህ ልታልፈው ትችላለህ። ችግሩ የመጣው 2005 ላይ ከወጣ ሹኮ ከሚባል መሣሪያ ነው። ሹኮን ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው ማዘዋወር ዜሮ ማና ነው። ዜሮ! 19 ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ካርድ በአንድ ቀን ሥራ አገኘ። በነጻ ትጠቁማለህ፣ ካርድ ታገኛለህ፣ ትጠቁማለህ፣ ካርድ ታገኛለህ። መሬት በወረደ ቁጥር ነፍሳት የሚወልደውን ስፕሪንግሃርት ናንቱኮን ከጨመርክበት፣ እያንዳንዷ ነፍሳት ሁለት ተጨማሪ ጥቆማ ናት። ተጋጣሚው ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፤ ያው ተራ ገና አላለቀም። በዚያው ወር መጨረሻ አምስተርዳም ላይ በተደረገው ፕሮ ቱር የሚባል የባለሙያዎች ውድድር ያሸነፈው ሳይመን ኒልሰን ናዱን ይዞ ነው። ኦገስት 26 ቀን ካርዱ ከሞደርን ታገደ። ንድፍ አውጪው በኋላ እንደጻፈው፣ የካርዱ ጽሑፍ የተቀየረው መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው፤ በመጨረሻው መልኩ አልተሞከረም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ስታነብ «ዜሮ» የሚል ቁጥር፣ «በእያንዳንዱ ጊዜ» የሚል ሐረግ፣ ማናን ወይም ካርድን ከከፈልክበት በላይ የሚመልስ ነገር ካየህ ብዕርህን አንሣ። የመቀነስ ምልክት ያለበት ሁሉም ሁልጊዜ ቅጣት አይምሰልህ። 2004 ላይ የወጣው ስከልክላምፕ የሚባል መሣሪያ የፍጡርህን ጽናት በአንድ ይቀንሰዋል፤ ሲሞትብህ ግን ሁለት ካርድ ይሰጥሃል። ጽናቷ አንድ የሆነች ፍጡር ላይ ስታደርገው ያው ትሞታለች። ቅጣት የመሰለው ነገር በአንድ ማና ሁለት ካርድ የሚገዛ ማሽን ሆነ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ ታገደ።

እስካሁን ያልጠየቅኩህ ነገር አለ። የት ነው የምትጫወተው? ምርጥ አስር አውጪዎቹ የሚጣሉት ብዙ ጊዜ ስለ ካርዱ አይደለም፤ አንዱ ስለ ስታንዳርድ ያወራል፣ ሌላው ስለ ድራፍት። ድራፍት ላይ፣ ማለትም ፓኬት ከፍተህ በዚያው በምትሠራው ደክ ስትጫወት፣ ያንተ ዘንዶ ንጉሥ ሊሆን ይችላል። እዚያ ጨዋታው ዘገምተኛ ነው፤ ገዳይ ካርድም ጥቂት ነው። ለዚህ 17ላንድስ የሚባለውን ድረ ገጽ ተጠቀም። አሬና በሚባለው የማጂክ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የሚጫወቱ ሰዎችን ውጤት ሰብስቦ እያንዳንዱ ካርድ እጅ ሲገባ ስንት በመቶ እንደሚያሸንፍ ያሳያል። አንድ ነገር ብቻ አትርሳ፦ ውጤታቸውን የሚልኩት ጎበዝ ጎበዞቹ ስለሆኑ አማካዩ ከ50 በመቶ በላይ ነው። 54 በመቶ ያለውን ካርድ አይተህ «ጥሩ ነው» አትበል፤ ከዚያው ስብስብ አማካይ ጋር አወዳድረው። ኮማንደር ከሆነ የምትጫወተው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ደኩ 100 ካርድ፣ ሕይወት 40፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው። እዚያ ሰባት ማና ማንንም አያስደነግጥም። ኮማንደር ከሆነ ዘንዶህን ግዛ። አንድ ፍሬ ግን። ከአንድ በላይ ማስገባት ክልክል ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ በአጭሩ። ስብስብ ከመውጣቱ በፊት ያለው ዋጋ የጉጉት ዋጋ ነው። ሰው ፓኬት መክፈት ሲጀምር ካርዱ ገበያውን ይሞላዋል፤ የአብዛኞቹ ሚቲኮች፣ ማለትም እጅግ ብርቅ ካርዶች፣ ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል። የሚወጣ ካርድ የለም አልልህም፤ አለ። ግን አንዱን ለመያዝ ዘጠኙን በውድ መግዛት አያዋጣህም። አስቀድሜ የምገዛው ካለ ርካሾቹን ነው፤ እንደ ድመቷና እንደ ምድጃው ያሉትን። ብሳሳት የሻይ ሒሳብ ነው የምከስረው።

አሁን ቤትህ ገብተህ ይህን አድርግ። ዝርዝሩን ክፈትና ከአራት ማና በላይ የሆነውን ሁሉ ለጊዜው ሸፍነው። የቀረውን አንብብ። እየተሸነፍክ ብትስበው ደስ የሚልህን ጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱን ከያዝከው ደክ ጋር አስተያየው፤ የትኛውን ካርድ አውጥተህ ነው የምታስገባው? የሚወጣ ካርድ ካጣህ ካርዱ ምንም ያህል ቢያምር ለአንተ አይደለም። የሰው ምርጥ አስርም ስታነብ ጸሐፊው ካርዱ የሚገባበትን ደክ ካልነገረህ እለፈው። ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቅና ውድድር ያሸነፉ ደኮችን እይ። የጻፍከውን ዝርዝር ግን አትጣለው፤ ከእነሱ ጋር አስተያየውና የት እንደሳትክ ተመልከት። እኔ የ2019 ዝርዝሬ አሁንም አለኝ። ጋሩክ አንደኛ፣ ኦኮ አስራ አራተኛ።

ኦኮ ከስታንዳርድ በታገደ በሳምንቱ ያ ልጅ ሱቁ መጣ። ኦኮን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ጋሽዬ፣ እንመላለስ?» አለኝ። ምራቂውንም ይዘህ ና አልኩት።